በድሬዳዋ መሐል ከተማ የንግድ ማሻሻያ ቀጠና እንዴት ይቋቋማል፣ እንዴትስ ይሠራል

የንግድ ማሻሻያ ቀጠና ማለት ወሰኑ በታወቀ አንድ የከተማ ክልል ውስጥ የሚሠሩ ነጋዴዎች ተስማምተው መዋጮ የሚከፍሉበት፣ ገንዘቡም እዚያው ክልል ውስጥ ብቻ ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለመብራትና ለጥላ ዛፍ የሚውልበት አሠራር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠውን አገልግሎት ይጨምርበታል እንጂ አይተካውም። ይህን ከመነሻው በጽሑፍ ያላሰፈረ ቀጠና ዓመት ሳይሞላው ከተማው እርግፍ አድርጎ የተወውን ሥራ በነጋዴው ኪስ ሲሠራ ይገኛል።

አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በካናዳ ቶሮንቶ፣ ብሎር ዌስት ቪሌጅ በሚባል የገበያ መንገድ ነው። የምድር ውስጥ ባቡር ሲዘረጋ መንገደኛው ከላይ ከጎዳናው ጠፋ፤ ትልልቅ የገበያ ማዕከላትም ተከፈቱ፤ የመንገዱ ገበያ ቀዘቀዘ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ በውዴታ ማዋጣትን ሞክረው ነበር። የሚከፍለው ጥቂቱ፣ የሚጠቀመው ሁሉም ሆነ። በመጨረሻ የኦንታሪዮ ግዛት ሕግ በክልሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲከፍል ፈቀደ። ከዚያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛመተ። የኬፕታውን መሐል ከተማ ቀጠና እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይሠራል።

ከአገር አገር ትልቁ ልዩነት ከፋዩ ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የሚከፍለው የሕንጻው ባለቤት ነው፤ ከተማው ከንብረት ግብር ጋር ሰብስቦ ለማኅበሩ ያስተላልፋል። እንግሊዝ ውስጥ ግን የሚከፍለው ቤቱን ይዞ የሚነግደው ነው። ለድሬዳዋ የሚስማማው የእንግሊዙ ነው። በመሐል ከተማው የንግድ ሰፈር፣ ከዚራ ላይ፣ ብዙው ሱቅ የቀበሌ ወይም የሌላ መንግሥታዊ አካል ቤት ነው፤ አከራዩን ለመዋጮ ማሳደድ የቢሮክራሲ እዳ መግዛት ነው። ተከራዩ ደግሞ የጠራ መንገድና የበራ ደጅ ጥቅሙን ማታውኑ በሽያጩ ያየዋል።

ሕጉ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

የነጋዴ ማኅበር ተሰብስቦ ስለወሰነ ብቻ ያልፈረመ ጎረቤቱን ክፈል ብሎ ማስገደድ አይችልም። መዋጮ ግዴታ የሚሆነው ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል በሕግ ሲደነግገው ነው። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተርና ምክር ቤት ያላት ከተማ ስለሆነች ጥያቄው የሚቀርብበት በር ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ባዶ እጅን ይዞ ሕግ አውጡልኝ ከማለት ሁለት ዓመት የሠራ ቀጠና አሳይቶ መጠየቅ ይሻላል።

እስከዚያው ሥራው በውል ይሄዳል። መላው ያለው ውሉ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ላይ ነው፤ ውሉ የሚጸናው በክልሉ ካለው ጠቅላላ የሱቅ ፊት ስፋት 85 በመቶውን የያዙና በቁጥርም ከሱቆቹ ግማሽ በላይ የሆኑ ሲፈርሙ ብቻ ነው። ያ ካልሞላ ማንም አንድ ብር አይከፍልም። "እኔ ከፍዬ ጎረቤቴ በነጻ ሊጠቀም" የሚለውን ስጋት በብዛት የሚያበርደው ይህ አንቀጽ ነው። ሁለት መለኪያ የተደረገበት ምክንያት አለው። በስፋት ብቻ ከሆነ ሆቴልና ባንክ ይወስናሉ፤ በቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ኪዮስኮች ተሰብስበው ትልቁን ከፋይ ያስከፍሉታል። የእንግሊዙ የ2003 (እ.ኤ.አ.) ሕግም ድምፁን በሁለቱም ይመዝናል፤ ከድምፅ ሰጪዎች በቁጥር አብላጫው፣ ከያዙት ንብረት ግምትም አብላጫው መደገፍ አለባቸው።

ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትና ሠራተኛ ለመቅጠር ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል። ለሙከራው ጊዜ በከተማው የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ጥላ ሥር መጀመር ከአዲስ ምዝገባ ይቀላል፤ ሒሳቡ ግን የራሱ፣ የተለየ ይሁን።

ወሰን ማውጣት

ሲጀመር ትንሽ ይሁን። ከባቡር ጣቢያው አደባባይ ተነስቶ በከዚራ ዋና መንገድ ሁለት ወይም ሦስት መስቀለኛ የሚሄድ ክልል ይበቃል። ከዚራ ከመነሻው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ፣ በቀጥታ መንገድ የተቀየሰ ሰፈር ስለሆነ ለመለካትም ለመቆጣጠርም ይመቻል። መጋላን ከመጀመሪያው ልጨምር ማለት ግን ሥራውን ይበትነዋል። የደጫቱ ወንዝ መሐል ላይ አለ፤ የመጋላው ቀፊራ ገበያ ደግሞ ሰዓቱም፣ ቆሻሻውም፣ ሻጩም ሌላ ነው። የራሱ ቀጠና ይገባዋል እንጂ ጭራ አይሆንም።

ወሰኑ በመንገድ አካፋይ ላይ አይሂድ። ግራው ከፋይ፣ ቀኙ ያልከፈለ ከሆነ ጠራጊው ያንኑ አስፋልት ግማሹን ጠርጎ ሊተው ነው፤ ነፋሱም የዚያኛውን ወደዚህ ያመጣዋል። ሁልጊዜ ከሱቆቹ ጀርባ፣ ሁለቱንም የመንገድ ፊት አቅፎ ይሰመር። መሐል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ፣ የመንግሥት ግቢ ወይም ለግንባታ የታጠረ ስፍራ ካለ ፊቱን የሚጠርግ እንጂ የሚከፍል የለምና ሜትሩ ሲሰላ አይግባ፤ ሥራው ግን በበጀት ውስጥ ይቆጠር።

ልኬቱን ሁለት ሰው በ50 ሜትር ሜትሮ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የሚለካው የሱቁ ፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፣ በግማሽ ሜትር ይጠጋጋል። ማዕዘን ላይ ያለ ሱቅ በዋናው መንገድ በኩል ያለው ሙሉ፣ በጎን መንገድ ያለው ግማሽ ይያዝለታል። በዋናው 6፣ በጎን 10 ሜትር ያለው ሱቅ 11 ሜትር ይቆጠራል ማለት ነው። ባለሱቁ እዚያው መዝገቡ ላይ ይፈርም። ያልፈረመበት ልኬት ክፍያው ሲመጣ ክርክር ሆኖ ይመለሳል።

ለምን በሜትር? በሽያጭ ወይም በግብር ደረጃ ማስላት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ነጋዴው ገቢውን ለማኅበር ሲናገር ገቢዎች የሰማበት ያህል ይሰማዋል፣ ቁጥሩም አይታመንም። የሱቅ ፊት ስፋት ግን አይደበቅም። ጠራጊው የሚጠርገውም እሱኑ ነው። ኒውዮርክ ውስጥም የፊት ስፋትን መሠረት ያደረጉ ቀጠናዎች አሉ።

ከተማው ምን ይሠራል? በጽሑፍ

ከገንዘብ አሰባሰቡ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ማዘጋጃ ቤቱና ቀበሌው አሁን በክልሉ ምን እንደሚሠሩ በዝርዝር ተይዞ በሁለቱም ወገን መፈረም አለበት።

ቢሮ ሄዶ "ምን ትሠራላችሁ" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የሚገኘው መልስ ዕቅዱ ነው። ሁለት ሳምንት በመንገዱ ላይ ይታይ፤ አርብንና የበዓል ዋዜማን ይጨምር። ለእያንዳንዱ መንገድ ይመዝገብ፦ መጥረጊያ በሳምንት ስንት ቀን ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፤ የቆሻሻ ገንዳው በሳምንት ስንት ጊዜ ተነሳ፤ ከመንገድ መብራቶቹ የትኛው ምሰሶ ይበራል፣ የትኛው ጨልሟል፤ የጎርፍ ማስወገጃ ቦዩ መቼ ተጠረገ፤ ደንብ አስከባሪ በስንት ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ከባለሙያው ጋር መንገዱ በእግር ይታይና የተግባባችሁበት ቁጥር ይሰፍራል። ገንዳው በዕቅድ በሳምንት 4 ጊዜ፣ በተግባር 2 ጊዜ የሚነሳ ከሆነ የሚጻፈው 2 ነው። ዝቅ ያለ እውነት ከፍ ካለ ተስፋ ይሻላል፤ የኋላ ኋላ የምትከራከሩበት መነሻ እሱ ነውና።

ሰነዱ ላይ ሦስት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ፊርማው የሰውዬው ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ይሁን፤ ማኅተም ይኑረው፣ ቁጥርና ቀን ይያዝ፣ ግልባጩ ለቀበሌው ይሂድ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ስምምነቱ የሚሞተው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ሁለተኛ፣ ከተማው አገልግሎቱን ከቀነሰ ማኅበሩ በ15 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ካልተስተካከለም የራሱን ሥራ በዚያው መጠን ያቆማል። ሦስተኛ፣ መንገዱ ለኮሪደር ልማት ወይም ለውሃ መስመር ቢቆፈር ምን ይሆናል የሚለው። በቁፋሮ ወራት ጠራጊ መክፈል ገንዘብን አቧራ ላይ መበተን ነው፤ መዋጮው ለጊዜው በግማሽ እንዲወርድ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ ደመወዙን በወቅቱ የድሬ ገበያ ቀይሩት፣ አካሄዱን ግን ያዙት።

በክልሉ 170 ቤት አለ እንበል። 130ዎቹ ትንንሽ ሱቆች ናቸው፣ በአማካይ 4 ሜትር፣ በድምሩ 520 ሜትር። 30 መካከለኛ፣ በ8 ሜትር፣ 240። 10 ትልልቅ (ባንክ፣ ሆቴል፣ ሕንጻ)፣ በ20 ሜትር፣ 200። ጠቅላላው 960 ሜትር ይሆናል። በሜትር በወር 120 ብር ቢሆን ሙሉ ገቢው 115,200 ብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ80 በመቶ በላይ ይሰበሰባል ብሎ ማቀድ ግን ራስን ማታለል ነው፤ የፈረመ ሁሉ በወቅቱ አይከፍልም። ስለዚህ በእጅ የሚገባው 92,160 ብር ነው።

ወጪው፦ 6 ጠራጊ በ5,000 ብር 30,000፤ 6 የሌሊት ጠባቂ በ6,000 ብር 36,000፤ አንድ አስተባባሪ 12,000፤ ለመጥረጊያ፣ ለጓንት፣ ለጋሪ ጥገናና ለባትሪ 6,000። ድምር 84,000 ብር። 8,160 ብር ተረፈ ተብሎ ደስ ይባላል።

እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ማኅበሩ በራሱ ከቀጠረ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ አለ። የ78,000 ብር ደመወዝ 11 በመቶ 8,580 ብር ነው። ትርፍ የተባለው ተበልቶ 420 ብር ጎደለ። ይህ ሳይታሰብ የተጀመረ ቀጠና በስድስተኛው ወር ላይ ከጠራጊዎቹ ሁለቱን ይቀንሳል፣ መንገዱ ይቆሽሻል፣ "ለምን እከፍላለሁ" የሚለው ይበዛል፣ ገቢው ደግሞ ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ሥራውን ለተደራጀ የጽዳት ማኅበር በኮንትራት መስጠት (ያኔም ሠራተኞቻቸው የሚገባቸውን ማግኘታቸውን ውሉ ላይ ማስፈር)፣ ወይ መጠኑን ከመጀመሪያው 130 ብር ማድረግ። በ130 ብር ሙሉው 124,800፣ 80 በመቶው 99,840፤ ከወጪና ከጡረታ በኋላ 7,260 ብር መጠባበቂያ ይቀራል። ባለ4 ሜትሩ ሱቅ በወር 520 ብር ከፈለ ማለት ነው።

ጠባቂ 6 ተቀጥሮ በየሌሊቱ 5 ብቻ የሚሠራው ለምንድን ነው የሚል ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓትና የአንድ ቀን ዕረፍት ይላል። 6 ሰው በ6 ሌሊት 36 ፈረቃ ይሆናል፤ 5 ቦታ በ7 ሌሊት 35 ነው። ስድስተኛው ሰው የዕረፍት ቀን ሸፋኝ ነው። ጠራጊዎቹም እንደዚሁ።

ፎቅ ላይ ያሉ ቢሮዎችና ክሊኒኮች የመንገድ ፊት የላቸውም፤ አነስተኛ ቋሚ ክፍያ ይመደብባቸው፣ ከላይ ባለው ስሌት ግን አይታመኑ። ለትልቁ ከፋይም ጣሪያ ይኑር፣ ለምሳሌ 30 ሜትር፤ አለበለዚያ ሰፊ ግንብ ያለው ድርጅት ከመክፈል መውጣት ይቀለዋል።

ማስፈረም

ከትልልቆቹ ይጀመር። ከላይ ባለው ምሳሌ አሥሩ ትልልቆች 200 ሜትር፣ ከጠቅላላው ወደ 21 በመቶ ናቸው። ሁሉም እምቢ ካሉ የቀረው ሁሉ ቢፈርም እንኳ 85 አይሞላም። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቢወድም አይፈርምም፤ ከዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መምጣት አለበት፣ ያም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የባንኮቹ ደብዳቤ ልኬቱ እንዳለቀ በመጀመሪያው ሳምንት ይግባ፣ ከዚያ ወደ ሱቆቹ ይዞሩ።

ሱቆቹን ለማነጋገር የድሬን ሰዓት ማወቅ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ባለሱቁ ምሳና በርጫ ላይ ነው። ያኔ ሄዶ በር ማንኳኳት አይረባም። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ወይም ማታ ገበያው ሳይደራ 11 ሰዓት ላይ ይሻላል። ስብሰባ ከተጠራ የቃለ ጉባኤው ማጠቃለያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይዘጋጅ። በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ የፈረመ ነጋዴ አልገባኝም ነበር ብሎ ለመውጣት በሩ ክፍት ነው፣ ልክም ነው።

ቦርዱ 9 ሰው ይብቃው፤ 4 ከትንንሽ ሱቆች፣ 2 ከመካከለኛ፣ 1 ከትልልቅ፣ 1 ከመንገድ ላይ ሻጮች፣ 1 ከማዘጋጃ ቤቱ ያለ ድምፅ። በአንድ ሰብሳቢ መልካም ስም ላይ ብቻ የቆመ ቀጠና ሰውየው አዲስ አበባ ሲገባ ይፈርሳል፤ የሰብሳቢነት ዘመን በ2 ዓመት ይገደብ።

የዕለት ሥራ

ጠራጊ በቀትር ፀሐይ ድሬ ላይ አይሠራም፤ ማሠራትም አይገባም። ፈረቃው ለሁለት ይከፈል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው ዙር ወሳኙ ነው፤ ማታ ለገበያ የሚወጣው ሰው የሚያየው እሱን ነውና። የቀትሩ ቆሻሻ ባብዛኛው ገረባ (የጫት ትራፊ) እና ፌስታል ነው። ገረባውን ፍየሎች ያነሱታል፤ ይህን ያህል በነጻ የሚሠራ ሌላ የጽዳት ሠራተኛ ከተማው የለውም። ፌስታሉን ግን ፍየልም ይበላዋል፣ ቦዩም ይውጠዋል፤ ጠራጊው ከሁሉ በፊት የሚለቅመው እሱን ነው።

ቦዩን በተመለከተ ትንሽ እንቆይ፤ ድሬዳዋ ላይ ከመጥረግ በላይ ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው። አሸዋው ቀስ እያለ ይገባል፣ ፌስታሉ ያግደዋል፣ ላዩ ደረቅ ስለሆነ ማንም አያስተውልም። ዝናብ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከደጋው የሚመጣ ጎርፍ ይደርሳል። በ1998 ክረምት ደጫቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው መግደሉን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። የሱቅ ፊት ቦይ ያን ዓይነት ጎርፍ አይመልስም፤ በየዓመቱ ሱቅ ውስጥ የሚገባውንና እቃ የሚያበላሸውን ውሃ ግን ይመልሳል።

አሠራሩ ይህ ነው። በየወሩ በየ10 ሜትሩ አንድ የቦይ ክዳን ይነሳ፣ ምልክት የተደረገበት ዱላ ወርዶ ደለሉ ይለካ። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ደለሉ 15 ሲደርስ፣ ማለትም ሩቡ ሲሞላ፣ መጠረግ አለበት። ሙሉው ጠረጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ የካቲት ውስጥ ከበልጉ በፊት፣ ሰኔ ውስጥ ከክረምቱ በፊት። ጠረጋው ከታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ይሂድ። ከላይ ከተጀመረ የተነቃነቀው አሸዋ ወርዶ ታችኛውን ይደፍነዋል። የወጣው ደለል በዚያው ቀን በጋሪ ይነሳ። ጠርዝ ላይ ተከምሮ ያደረ አሸዋ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ሥራው ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው። ደረቅ ስለሆነ ብቻ ደጫቱ ውስጥ መድፋትም አይሆንም። ክዳን ተነስቶ ሳይመለስ እንዳያድር ደግሞ አስተባባሪው ማታ በእግሩ ያረጋግጥ፤ በጨለማ እግር የሚሰበረው እዚያ ነው።

መብራት ላይ ምሰሶ ተከላ ውስጥ አትግቡ። ምሰሶው፣ መስመሩና ቆጣሪው የሌላ አካል ስለሆነ ማኅበሩ ተክሎ ማን ይጠግነው የሚለው ሳይመለስ ይጨልማል። እያንዳንዱ ሱቅ በራሱ ቆጣሪ በሩ ላይ አንድ ባለ10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከምሽት እስከ ንጋት ያብራ። በቀን 11 ሰዓት ቢበራ በወር 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ሒሳቡ ሻይ አይገዛም ለማለት ይቀርባል። 170 በር በራ ማለት መንገዱ በራ ማለት ነው።

ጠባቂዎች ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይቁሙ። ብዙ ሱቆች ቀድሞም የራሳቸውን ዘበኛ ስለሚከፍሉ "ሁለት ጊዜ አልከፍልም" ይላሉ። አዲስ ሰው ከማምጣት እነዚያኑ ዘበኞች መቅጠር ይህን ይፈታዋል፤ መንገዱንም ሌባውንም ያውቁታል። ስማቸው በቀበሌው ፖሊስ ይመዝገብ። ጠባቂ ሰው አይፈትሽም፣ እቃ አይነጥቅም፤ ፊሽካ፣ ባትሪና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ያያል፣ ይጠራል፣ ይጽፋል።

የመንገድ ላይ ሻጭን ማባረር የቀጠናው ሥራ ተደርጎ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው። አያዋጣም። ከዚህ ጥግ የተባረረው እዚያ ጥግ ይቀመጣል፤ መንገደኛውን ወደ ሱቁ ደጅ የሚያመጣው ደግሞ አንዳንዴ እሱ ነው። ጥላ ባለበት፣ የሱቅ በር በማይዘጋበት ቦታ ቁጥር ይሰጠው፣ ከደንብ አስከባሪዎች ጋር በጽሑፍ ይስማማበት፤ ክፍያው ቀላል ወይም ፊቱን መጥረግ ብቻ ይሁን። ለባጃጅም እንዲሁ። አንድ ባጃጅ 2.6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መግቢያ መውጫውን ጨምሮ 3 ሜትር ቢያዝለት 18 ሜትር ጠርዝ ስድስት ይይዛል። ሰባተኛው ተራውን በጎን መንገድ ይጠብቅ። ቀለም ከመቀባት በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ በእጅ ይግባ፤ ያለፈቃድ የተቀባ መስመር ሕግ ስላልሆነ ማንም አይገዛለትም።

ዛፍ የሚተከለው ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስም ሲታወቅ ብቻ ነው። ኒም ለዚህ ሙቀት ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ግን በሳምንት ሁለቴ ወደ 20 ሊትር ይፈልጋል። ሃምሳ ተክሎ አምስት ከማጽደቅ አሥር ተክሎ አሥሩንም ማጽደቅ።

ገንዘቡ

ጥሬ ብር በእጅ የሚቀበል ማንም አይኑር፤ አስተባባሪውም ጭምር። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። ለማውጣት ሦስት ፈራሚ ይሰየምና ሁለቱ ይፈርሙ፤ ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ሱቅ አይሁኑ። በየወሩ አንድ ገጽ ሒሳብ በሦስቱም ቋንቋ በመንገዱ ሁለት ጫፍ ይለጠፍ፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ ያልከፈሉት ብዛት። ስማቸው አይለጠፍ፤ የገበያ ቀን ጠብ ይነሳበታል። ሁለት ወር ያልከፈለን አስተባባሪው ሳይሆን የቦርዱ አባል ሄዶ ያነጋግረው፤ ብዙውን ጊዜ ያልከፈለው ቅሬታ ስላለው ነው፣ ቅሬታውም ብዙውን ጊዜ እውነት ነው።

ሥራው መጥቀሙን ለማወቅ ከመጀመሩ በፊት መለካት ግድ ነው። አሥር ቦታ ይመረጥ፣ በወሩ ተመሳሳይ ቀን ከዚያው ቦታ ፎቶ ይነሳ። መንገደኛ ደግሞ በጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በ11 ሰዓትና በምሽቱ 2 ሰዓት ለ15 ደቂቃ ይቆጠር። የበዓል ሳምንትና የረመዳን ወር ለብቻ ይያዙ፤ የድሬ ማታ በረመዳን ሌላ ከተማ ነው፣ ከሌላ ወር ጋር አይወዳደርም።

ውሉ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። እንግሊዞች 5 ዓመት ብለው ከዚያ እንደገና ድምፅ ይሰጣሉ፤ በውዴታ ለተጀመረ ግን 2 ዓመት ይበቃል። ድምፁ ከማለቂያው 3 ወር በፊት ይሰጥ፤ ያለዚያ ሠራተኞቹ ቀድመው ሌላ ሥራ ይዘው ይሄዳሉ። ካልታደሰ ምን ይሆናል የሚለውም ያኔ ሳይሆን አሁን ይጻፍ፤ የሠራተኛው የመጨረሻ ወር ደመወዝና የሥራ ስንብት ክፍያ ከመጠባበቂያው ቅድሚያ ይወስዳል፣ ጋሪውና አካፋው በቆጠራ ለጽዳት ማኅበሩ ይሰጣል፣ የተረፈው ብር በከፈሉበት ሜትር ልክ ለከፋዮቹ ይመለሳል።